ያልተመታው ረድፍ

የዘርሃም መንግሥት ታላቅ ግድብ ከእግሩ ሥር ቀይ ውሃ አነባ። ካህናቱም «በውሃው ውስጥ የታሰረው ዘንዶ አውሎም ሊወጣ ነው!» ሲሉ ተነበዩ። ግድቡን የሠራችው ወጣቷ መሐንዲስ ናርዳ ግን ያን ቅላት ስታይ ነገሩ ወዲያው ገባት። ከግንቡ ሥር እየታጠበ የሚወጣ አፈር ነበር፤ ዘንዶው መሠረቱን እየቦረቦረ ነው።

በዘርሃም ሕግ ግድብ የጨረሰ መሐንዲስ እያንዳንዱን ድንጋይ በመዶሻ መትቶ ድምፁን ካልሰማ «ግድቡ ጽኑ ነው» ብሎ አይምልም። ናርዳ የታችኛውን ረድፍ ሳትመታ ማለች። ንጉሡ ለምረቃው ግብር አዘጋጅተው ይጠብቁ ስለነበር ጭቃ ውስጥ መንበርከኩ ታከታት። መምህሯ ኪዳሞር «ሁሉንም መታሽ?» ሲሏት «አዎ፣ ጋሼ» ብላቸዋለች። ያ «አዎ» አሁን ፊቷን ፈጀው።

መዳኛው አንድ ብቻ ነበር፤ አውሎም የታሰረበትን የታችኛውን በር ከፍቶ ውሃውን ማስተንፈስ። በሩ ሲከፈት ግን የሸለቆው መንደሮች ይጠረጋሉ። መምህርና ተማሪ ወደ መንደሮቹ ወርደው «ውጡ!» ቢሉ የሚነቃነቅ ጠፋ።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ የማልሽልን?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከደጃፋቸው ሳይነሱ። «መሐላሽን አምነን እኮ ነው እዚህ ቤት የሠራነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ተንበርክካ መዶሻዋን አነሳች።

«እኔ የታህሪም ልጅ ናርዳ በሰማይና በውሃ ፊት በሐሰት ምያለሁ! የታችኛውን ረድፍ አልመታሁም! መዶሻዬን ስበሩት፤ ከእንግዲህ ግንብ አልገነባም። እናንተ ግን ስለ ልጆቻችሁ ውጡ!»

አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ተነሳች። ሌሎቹም ተከተሏት። ኪዳሞር የተማሪያቸውን ፊት ማየት አልቻሉም።

«ጋሼ፣ እኔ ልውረድ» አለች ናርዳ።

«በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አከፋፈቱን የማውቀውም እኔ ነኝ። አንቺ ሰዉን አውጪ» አሉና ዘንዶውን የሚገጥሙበት ጦር ይዘው ወደ ግድቡ ሆድ ወረዱ።

የዘንዶው ጩኸት ምድሪቱን አናወጣት። በሩ ተከፈተ። ውሃው ባዶዎቹን ቤቶች ጠርጎ አለፈ፤ ግድቡ ቆመ፤ ከተማይቱ ዳነች። የአውሎም በድን በጎርፉ ሲወርድ ጦሩ ከጉሮሮው ተሰክቶ ታየ። ኪዳሞር አልተመለሱም።

በኮረብታው ላይ ኑዛዜዋን ያልሰማው የከተማው ሕዝብ «ጀግናችን ናርዳ!» እያለ እልልታውን አቀለጠው። እሷ ፊቷን ሸፍና ልትሸሽ ስትል የኪዳሞር ሚስት እመት ሐዝሊን ክንዷን ያዟት።

«እማማ፣ እልልታው የእሳቸው ነው። እኔ ገዳያቸው ነኝ» አለች እያለቀሰች።

«አውቃለሁ፤ ስትናዘዢ እዚያው ነበርኩ» አሉ ሴትዮዋ። «ግን አትሸሺም፤ ቅጣትሽ ይህ ነው። እስኪጨርሱ እዚሁ ቆመሽ ትሰሚያለሽ።»

ናርዳ እጇን ከፊቷ አውርዳ ቆመች። እልልታው እስኪመሽ አላባራም።