ላንቃ ላይ የቀረችው ክኒን

አቶ ጌጡ ሞተው የተገኙት እሑድ ጠዋት፣ ደብረ ታቦር ባለው ቤታቸው፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሬት ሲለኩ የኖሩ፣ ከፋርጣ እስከ ጋይንት ያለውን ቀበሌ በእግራቸው ያዳረሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይስተካከሉ ከሰው ፊት የማይቀርቡ ሰው ነበሩ። ልባቸው ከታመመ አራት ዓመት ሆኖታል። ደረታቸውን ሲወጋቸው ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጓት ትንሽ ነጭ ክኒን ነበረቻቸው፤ የክኒኗም ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ፣ እጃቸው አጠገብ ተቀምጦ ተገኘ።

ጎረቤቱ ሁሉ «ልቡ ናት» አለ። ልጃቸው ደረጄ ግን አላለም።

ደረጄ በከተማው ውስጥ መድኃኒት ቤት አለው። ጠርሙሱንም ሐሙስ ዕለት ሞልቶ ያመጣላቸው እሱ ነው። የእንጀራ እናቱ ወይዘሮ አሰለፈች ከቅዳሴ የተመለሱት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሆነ፣ ገብተውም ባላቸውን ሞተው አግኝተው ወዲያው እንደጮኹ ተናገሩ። ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ግን ወይዘሮዋ በሩን ከፍተው ሲገቡ ልክ ሦስት ሰዓት እንደነበር ለደረጄ ነገሩት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከአባቱ ሬሳ ጋር ምን ሲሠሩ ነበር? ይህ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎት ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር አዲስዓለም ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ አታቋርጥም፤ እስኪጨርስ ድረስ በትዕግሥት ታዳምጣለች። አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል እንዲገባ ያደረገችው እሷ ናት። ሰኞ ጠዋት ዶክተር ሚልኪያስ ዘንድ ስትደርስ፣ ሐኪሙ ጓንቱን ሳያወልቅ ጠበቃት።

«የሞቱት በልብ ሕመም ነው» አላት። «ግን ሁለት ነገር አልተዋጠልኝም። አንደኛው ይኸውልሽ» ብሎ የሟቹን ቀኝ የእጅ አንጓ አሳያት። አራት ጣት ጎን ለጎን ተጭኖበት የጠቆረ ምልክት ነበር። በሕይወት ሳሉ እጃቸውን ጠንክሮ የያዘው ሰው አለ።

«ሁለተኛውስ?»

ሐኪሙ ብልቃጥ ውስጥ ያለች ክኒን አነሣ። ጠርዟ በትንሹ ከመላላቱ በቀር ሙሉ ነበረች። የሟቹ የላይኛው ጥርስ በሙሉ ሰው ሠራሽ መሆኑን፣ ላንቃውን ሸፍኖ የሚለጠፍ እንደሆነ፣ ሲያወጣውም ክኒኗን ከጥርሱ በላይ፣ ላንቃው ላይ ተጣብቃ እንዳገኛት ነገራት።

አዲስዓለም ጠጋ ብላ አየቻት። «እንደ ተማሪዎ ቆጥረው ያስረዱኝ፤ ይህ ምን ማለት ነው?»

ሐኪሙ የአፍን አሠራር ለተማሪዎች የሚያስተምር ሰው ስለሆነ ማስረዳት አልከበደውም። «የአፋችን ጣሪያና ወለል አንድ ዓይነት ሥጋ አይደለም» አላት። «ጣሪያው፣ ማለት ላንቃው፣ ፊት ለፊት አጥንት ነው። አጥንቱን የሸፈነው ሥጋ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ምግብ ሲፈትገው እንዲችል ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ከምላስ በታች ያለው ወለል ግን እንደ ሽንኩርት ስስ ሽፋን ነው። መስታወት ፊት ምላስሽን ብታነሺ ደም ሥሩ ሰማያዊ ሆኖ ይታይሻል። አብዛኛው ምራቅም የሚመነጨው ከዚያው ነው። እዚያ የገባች ክኒን በአንድ ሁለት ደቂቃ ሟሙታ ደም ውስጥ ትገባለች። ላንቃ ላይ ብትለጥፊያት ግን ጥቅም የላትም። ለዚያውም ጥርሱ ሸፍኗት ምራቅ እንኳ አላገኛትም።»

«ታዲያ ራሳቸው ተሳስተው ቢሆንስ?»

«አራት ዓመት የወሰዱ ሰው ናቸው። ደግሞ ላንቃቸው ላይ የጥፍር ጭረት አለ። ላንቃ ደም የሞላው ሥጋ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ሲጫር ይቀላል፣ ይደማል። ይሄኛው ነጭ ነው። የተጫረው የሞተ ሥጋ ነው።»

አዲስዓለም ከሆስፒታሉ ስትወጣ ሁለት ነገር ይዛ ነበር። ክኒኗን ያስቀመጠው ሰው ያስቀመጣት አቶ ጌጡ ከሞቱ በኋላ ነው። ሲያስቀምጣትም ጥርሳቸው አፋቸው ውስጥ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ደረጄን ስለ አባቱ ጥርስ ጠየቀችው። ጥያቄው ገርሞት አያት። አባቱ በሰባ ዓመታቸው እንደ ወጣት ነጭ ጥርስ እንደነበራቸው፣ እሱ ግን ገና በአርባ ዓመቱ ሁለት መንጋጋ እንዳስነቀለ ነገራት። የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ገባት። ሌላም ነገር አነሣላት፤ አባቱ ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቀርበው ሊመሰክሩ ነበር። ገሳይ ከተማ አጠገብ ሙሉ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴት መሬቴ ተገፋብኝ ብላ ከስሳለች። ድንበሩን ከሠላሳ ዓመት በፊት ለክተው ድንጋዩን የተከሉት አቶ ጌጡ ናቸው። የተከሰሱት ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ይሻው ነበሩ። አቶ ይሻው ቅዳሜ ማታ እዚያው ቤት አድረዋል።

ወይዘሮ አሰለፈች ግን አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው የገባሁት ይላሉ። ጎረቤቶቹ ያዩትን ስትነግራቸው አቀርቅረው ያንኑ ደገሙ። ሰኞ ማታ አለቆቿ ይያዙ ብለው አዘዙ፤ አዲስዓለም ልቧ ባይቀበለውም ሌላ የምታቀርበው አልነበራትምና ወስዳ አሰረቻቸው። ደረጄ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲወሰዱ አየ፤ አልተሰናበታቸውም።

ከዚያ ተመልሳ፣ ግቢው ውስጥ ለለቅሶ በተተከለው ድንኳን የተቀመጡትን አቶ ይሻውን አነጋገረች። ስድሳ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ገበሬ ናቸው። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ገሳይ እንደሄዱ፣ ወንድማቸው ተኝቶ ስለነበር እንዳልቀሰቀሱት ነገሯት። መርዶው በስልክ ደርሷቸው ሲመለሱ ሬሳው ሆስፒታል ገብቶ ነበር።

«ፊቱን እንኳ ሳላይ ቀረሁ፣ ልጄ።»

ስለ ምስክርነቱ ስትጠይቃቸው ወንድማማቾች ተስማምተው እንደነበር ነገሯት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ድዱ ብቻ የቀረን ሽማግሌ ማን ብሎ ይገድለዋል? ያችው ሴትዮ ካልሆነች» አሉ።

አዲስዓለም ደብተሯን አጥፋ አመሰገነቻቸው።

ማክሰኞ ቀብር ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች ባላቸውን አልቀበሩም። ደወሉ ሲደወል እስር ቤቱ ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመው ነበር። አዲስዓለም ገብታ እስኪቀመጡ ጠበቀቻቸው፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጥርሳቸውን ያደረጉላቸው እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ስለ ራሳቸው አልጠየቁም።

«ጥርሱን መለሱለት?»

«መልሰውላቸዋል። ዶክተሩ በገዛ እጁ።»

ያን ጊዜ ተናገሩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አቶ ጌጡ የላይኛው ጥርሳቸው አልቆ ሲወልቅ፣ ጠበል ልንጠመቅ ነው ብለው ሁለቱም ባሕር ዳር ሄደው አሠሩት። ልጅ አያውቅም፣ ወንድም አያውቅም። ማታ አውልቀው ኩባያ ውስጥ ያኖሩታል፤ ጠዋት ሰው ሳያያቸው ያደርጉታል። ለማንም እንዳይናገሩ በታቦት አስምለዋቸው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ሲገቡ ባላቸው ሞተው፣ አፋቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጥርሱም ኩባያው ውስጥ እንዳለ አገኟቸው። ሰው እንዲህ ሆነው እንዲያያቸው አልፈቀዱም። ፊታቸውን አጠቡ፤ ጥርሳቸውንም ሊያደርጉላቸው ሞከሩ፤ መንጋጋው መጠንከር ጀምሮ ስለነበር ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ በኋላ ነው የጮኹት። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ስለነበር ክኒን አላዩም።

አዲስዓለም የቀረውን ቀን ባጃጅ ተራ ላይ ዋለች። ሲመሽ የምትፈልገውን ሹፌር አገኘች።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም በአቶ ጌጡ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ደረጄ በሩ አጠገብ ቆመ። አቶ ይሻው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዶክተር ሚልኪያስም ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች በአንዲት ፖሊስ ታጅበው ገቡ፤ እሳቸው ሲያልፉ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባቸው።

አዲስዓለም መጀመሪያ ወይዘሮ አሰለፈችን አየቻቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈቃዳቸውን ካገኘች በኋላ የጥርሱን ነገር፣ የክኒኗን ነገርና ሐኪሙ ስለ ላንቃና ስለ ምላስ ሥር የነገራትን አንድ በአንድ ተናገረች። ደረጄ አባቱ የደበቁትን ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እዚህ ቤት የሁለት ሰው እጅ ገብቷል» አለች። «አንደኛው ክኒን አስቀመጠ፣ ሌላው ጥርስ አደረገ። አንድ ሰው አይደለም፤ ክኒኗን ያስቀመጠው አቶ ጌጡ መድኃኒታቸውን ወስደው ሞቱ እንዲባል፣ እንድትታይለት ነው የፈለገው። ጥርሱን ያደረጉት ግን ከላይ ሸፈኗት። ወይዘሮ አሰለፈች ሁለቱንም ቢሠሩ ኖሮ የገዛ ማስረጃቸውን አይደብቁም። ደግሞም እሳቸው ይህችን ክኒን በየጊዜው ከምላሳቸው ሥር ሲያደርጉላቸው የኖሩ ናቸው። ደረጄም መድኃኒት ሻጭ ነው። ሁለቱም ላንቃ ላይ አያስቀምጧትም ነበር። ያስቀመጣት ወዴት እንደምትገባ የማያውቅ ሰው ነው።»

ከዚያ ወደ አቶ ይሻው ዞረች።

«ያ ሰው አቶ ጌጡን ያለ ጥርስ አይቷቸዋል» ስትል ቀጠለች። «ልጃቸው እንኳ አላያቸውም። እርስዎ ግን ሰኞ ዕለት ድዱ ብቻ የቀረ ሽማግሌ አሉኝ።»

«አባባል ነው። ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይባላል።»

«ሊሆን ይችላል። አባባል ከሆነ ብዬ ነው ሁለት ቀን ዝም ያልኩት። ትናንት ግን ወርቁ የሚባል የባጃጅ ሹፌር አገኘሁ። እሑድ እርስዎን ከዚህ በር ወደ መናኸሪያ የወሰደዎት ጎሕ ሲቀድ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የገንዘባቸውን መልስ እንኳ ሳይቀበሉት ወርደው እንደሄዱ ያስታውሳል።»

ደረጄ ከግድግዳው ተላቆ ፊታቸው መጥቶ ቆመ። «አጎቴ፣ እሑድ ጠዋት አባቴን አይተዋቸዋል?» አላቸው።

አቶ ይሻው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። ቀስ እያሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ። ወንድማቸውን ያለ ጥርሳቸው ወንበሩ ላይ ሲያገኟቸው፣ ወንድማቸው አፍረው አፋቸውን በእጃቸው እንደሸፈኑ፣ እሳቸው ግን ያን ከቁብ ሳይቆጥሩ ማክሰኞ እንዳይመሰክሩባቸው እንደለመኗቸው፣ የተከልኩትን ድንጋይ አላውቀውም አልልም የሚል መልስ እንዳገኙ ነገሯቸው። ንግግሩ ወደ ጠብ ሲሄድ የወንድማቸው ደረት ተያዘ፤ ወደ ጠርሙሱም እጃቸውን ዘረጉ።

«እጁን ያዝኩት» አሉ አቶ ይሻው። «ማልልኝና ልስጥህ አልኩት። እንዲምልልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ጠርሙሱን አየ፤ እኔን አየ። አልማለም።»

ጥቂት ቆይተው የወንድማቸውን እጅ ሲለቁ ወንድማቸው ሞተው ነበር። ፈርተው ክኒኗን በሟቹ አፍ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ጠርሙሱን ወደ ሟቹ እጅ አስጠግተው ወጡ።

ፖሊሶቹ ወሰዷቸው። አዲስዓለም ለደረጄ ሙሉ የከሰሰችበት የመሬት ችሎት ለሁለት ሳምንት እንደተላለፈ፣ የአባቱ የልኬታ መዝገብ ቤት ውስጥ ካለ ይዞ እንዲቀርብ ነገረችው፤ እሱም እቀርባለሁ አለ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ሄዶ ጉልበታቸውን ይዞ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው በትከሻው ይዘው አነሡት።

«ቀብሩ ላይ ሰው ነበር?» አሉት።

የወጣውን ሕዝብ፣ ፍትሐት ያደረሱትን ካህናት፣ ከአንበሳሜ ድረስ የመጡትን የጥንት ባልደረቦች ሁሉ ቆጥሮ ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ብቻቸውን ወደ ድንኳኑ ወጡ። ሴቶቹ ወሬው ደርሷቸው ቆመው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዷ ቦታ ለቀቀችላቸው። ወይዘሮ አሰለፈች ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፣ ከእሑድ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ባላቸውን በስማቸው ጠርተው አለቀሱ።