ሠራተኛ አይቆጠርም

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማታምኑ አትመኑ፤ እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው የካሪቢያኗ ደሴት ግራንድ ኬይማን፣ ባሕሩ መሀል ያለው አሸዋ... ውኃው ከወገብ የማያልፍበት።

ስሜ አርቬል ነው። ሥራዬ ከትልልቆቹ መርከቦች የሚወርዱትን ቱሪስቶች በጀልባ እየወሰድኩ ስቲንግሬይ ማስመገብ ነበር። ስቲንግሬይ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፣ ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ አለው። ዐይኑ ከላይ፣ አፉ ከሆዱ በታች ስለሆነ የሚበላውን አያይም። አሽትቶ ይመጣና... ይመጠምጣል።

አያቶቻችን ዓሣቸውን እዚያ እያጸዱ አንጀቱን ውኃው ላይ ይጥሉ ነበር። ስለዚህ ስቲንግሬዮቹ እስከ ዛሬ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ይመጣሉ።

ጀልባው ላይ ሦስት ነበርን። ካፒቴን ክሮስቢ፣ እኔ፣ እና የእናቴ ወንድም ጋሼ ሊን። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ቤተክርስቲያን ያገለግላል፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሲዋኝ እንኳ ሸሚዙን አያወልቅም፣ ያፍራል።

እኛ ጋ የቆየ ቀልድ አለ። ስቲንግሬዮቹን የምንመግባቸውን ስኩዊድ፣ ያንን የሚያሙለጨልጭ የባሕር እንስሳ ሥጋ፣ ሰው ሳያውቅ ጀርባው ላይ እንቀባለን። ስቲንግሬዮቹ ይወጡበታል፣ ሰውየው ይጮኻል፣ ሁሉም ይስቃል።

ያን ቀን ክሮስቢ አልቀባም። የስኩዊዱን ባልዲ እንዳለ ጋሼ ሊን ሸሚዝ ውስጥ ገለበጠው።

"ሙሽራው ደረሰ! ኑ ሳሙት!"

ቱሪስቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አልደብቃችሁም... ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ስድስት መጡ። ከዚያ አሥር።

ጋሼ ሊንም እየሳቀ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላው የአሸዋው ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥልቁ ይጀምራል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ?

ድንገት መሳቁን ተወ።

"አርቬል... ኧረ አንሣልኝ።"

"ቻለው ጋሼ! ፍቅር ነው!" አልኩት።

ሬዲዮው ጮኸ። መርከቡ ሊነሣ ነው፣ ቶሎ መልሷቸው። ክሮስቢ በጥድፊያ ቆጠረ። ሃያ አራት ቱሪስት ወርዶ ነበር፣ ሃያ አራት ወጣ። ሞላ። ሄድን።

ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ስል ባዶው ባልዲ አለ። ጋሼ ሊን የለም።

"ካፒቴን! ጋሼ ሊንን ረስተነዋል!"

ወደ ኋላ እንኳ አልዞረም። "ቱሪስቶቹ ሞልተዋል።"

"እሱስ?"

"ሠራተኛ ማን ይቆጥራል? ውኃው ወገብ ነው። ቆሞ ይጠብቃ!"

ቱሪስቶቹን አድርሰን ስንመለስ አሸዋው ላይ ሰው አልነበረም። ስቲንግሬዮቹ ብቻ በክብ ተኝተዋል። ሞተሩን ሰምተው አንዳቸውም አልመጡም።

ጠግበው ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ክሮስቢ ለመርማሪው ፖሊስ "ሰክሮ ነበር" አለና ወደ እኔ አየ። እንጀራዬ በእጁ ነበር፣ ፈራሁት።

"አዎ" አልኩ። "ሰክሮ ነበር።"

የጋሼ ሊን ሚስት አክስቴ ዜልማ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። አላለቀሰችም።

"አንድ ጊዜ ውኃው ገደለው" አለችኝ። "አሁን ደግሞ አንተ።"

በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሃያ አራት ቱሪስት ይዘን ሄድን።

ውኃ ውስጥ እያሉ ቆጠርኳቸው። ሃያ አምስት።

ደገምኩ... ሃያ አምስት።

"ካፒቴን" አልኩ በሹክሹክታ። "አንድ ሰው ይተርፋል።"

"አልጎደለም አይደል? በመትረፉ የሚከፋው ሰው ዛሬ አየሁ!"

ክሮስቢ እጁን ዘርግቶ ለስቲንግሬዮቹ ስኩዊድ ሰጠ። አንዱም አልነካለትም። ዙሪያውን ዞሩትና ሄዱ።

አንዲት ሴት ወደ ጀልባው እየወጣች ፈገግ አለችልኝ።

"ሽማግሌው ሰውዬአችሁ እንዴት ደግ ነው! እግራችሁን አሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ፣ እንዳትረግጧቸው አለን።"

"የትኛው ሽማግሌ?"

"ሸሚዝ ለብሶ የሚዋኘው።"



ልንነሣ ስንል መልህቁ አልላቀቅ አለ። ክሮስቢ እየተሳደበ ዘሎ ወረደ። "አንተ ቁጠር!" አለኝ።

ያን ቀን ሠራተኛውንም ቆጠርኩ። ምያለሁ፣ ማንም አይቀርም ብዬ።

ቱሪስት ሃያ አራት። እኔ ሃያ አምስት። መሪው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን የቆመው ካፒቴን... ሃያ ስድስት።

"ሞልቷል!" አልኩ።

ሞተሩ ተነሣ።

"አርቬል!"

ድምፁ የመጣው ከኋላችን ነው።

ክሮስቢ ውኃው ውስጥ ቆሟል። የተበጠሰው የመልህቅ ገመድ በእጁ ነው። ዙሪያው ያለው ውኃ ጠቁሯል። አሁን ስቲንግሬዮቹ ሁሉም ወደ እሱ መጥተዋል፣ እሱም ወደ ጠርዙ እያፈገፈገ ነው።

"አቁም! አርቬል... ኧረ አንሣልኝ!"

መጮኽ እችል ነበር። "አቁሙ" ማለት አንድ ቃል ነው።

ቻለው፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ነው ወደ መሪው የዞርኩት። የሰውየው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከሥሩ አንድ ቁራጭ ስኩዊድ ሾልኮ ጠብ አለ። ሌላም ጠብ አለ።

"ካፒቴኑ... ቀርቷል" አልኩ።

ወደ ኋላ እንኳ አልዞረም።

"ሠራተኛ ማን ይቆጥራል?"

ድምፁን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ቱሪስቶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንባዬ እየወረደ፣ ማቆም አቅቶኝ፣ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ወደቡ ላይ ስንደርስ መሪው ጋ ማንም አልነበረም።

ያው ፖሊስ መጣ። ጋሼ ሊን መጠጥ ቀምሶ እንደማያውቅ ነገርኩት። ባልዲውን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ጻፈና ቀና ብሎ አየኝ።

"ካፒቴን ክሮስቢስ የት ነው?"

ባሕሩን አየሁ።

"ሰክሮ ነበር" አልኩ።

ከጀርባዬ፣ ጀልባው ውስጥ፣ አንድ ነገር ጠብ አለ። የካፒቴኑ ወንበር ላይ የጋሼ ሊን ሸሚዝ ተቀምጧል፣ እስከ አንገቱ ተቆልፎ። ውስጡ ሰው የለም።

ደረቱ ግን ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።