ርካሹ ሰዓት

ሀስና ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ድምፁ አሁንም አለ፤ ጭቃው ውስጥ ንብ የታፈነች ይመስል እዝዝዝ ይላል። ከግድግዳው ስር ትንሹ ወንድሟ ኡበይደላ ፍራሹ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«እማ፣ ይሰማሻል? ግድግዳው ይጮኻል።»

«አይጥ ይሆናል» አለች እናቷ ዓቢዳ ከጓዳ፣ ሊጥ እያድቦለቦለች። «ነይ ይልቅ ይሄን አስገቢልኝ፣ ርካሹ ሰዓት ሳያልፍብን። ነገ የግራና ገበያ ነው፣ ሻይ ቤቶቹ ብዙ ዳቦ ይፈልጋሉ።»

ርካሹ ሰዓት! ይህን ቃል ወደ ቤት ያመጣችው ራሷ ሀስና ነበረች።

ዓቢዳ በኤሌክትሪክ መጋገሪያ ዳቦ እየጋገረች መርሳ ከተማ አስፋልት ዳር ላሉ ሻይ ቤቶች ታስረክባለች። ትርፌን መብራት በላብኝ ስትል የሰማችው ሀስና፣ አንድ ቀን ስልኳ ላይ የቀንና የሌሊት የኤሌክትሪክ ዋጋ የሚያነጻጽር ቪዲዮ አየች። ሌሊት በግማሽ ይቀንሳል ይላል። እየሮጠች ሄዳ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ደግሞ በአንድ ቆጣሪ ለሚጠቀሙት ጎረቤታቸው፣ ልብስ አጥበውና ተኩሰው ለሚያድሩት ለእትዬ ብዙነሽ ነገረች። ከዚያ ወዲህ መጋገሪያው፣ ምድጃውና ካውያው ቀን አርፈው ይውሉና ከኢሻ ሶላት በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰካሉ። «ልጄ አስልታልኝ ነው» እያለች ዓቢዳ ያላወራችለት ሰው የለም።

ዛሬ ግን ሀስና በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይህንኑ በኩራት ስትናገር፣ መምህር ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያየሽው የሌላ አገር ታሪፍ ነው። እኛ ጋ የመኖሪያ ቤት ዋጋ የሚለየው በሰዓት ሳይሆን በምትጠቀሚው መጠን ነው። ቀንም ሆነ ሌሊት ያው ነው። ደግሞ ሁሉን በአንዴ አትሰኩ፤ ያረጀ ሽቦ ከጋለ ቤት ያቃጥላል።»

ሀስና ክው አለች። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጓደኛዋ ሜሮን ክንዷን ይዛ፣ «ላሽ በይው ባክሽ፣ አታካብጂ! ማን ያውቅብሻል?» አለቻት።

ቤት ስትደርስ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። እናቷ ግን ዱቄት በዱቄት ሆና፣ «መጣሽ የኔ አስተዋይ?» ስትላት ነገሩን ትታ ደብተሯን ልታስቀምጥ ገባች።

አሁን አንድ ነገር ሸተታት። የሚቃጠል ፕላስቲክ። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ እንደ ትኩሳታም ሰው ግንባር ይፋጃል። አምፖሉ ፈዘዘ፣ መልሶ ቦግ አለ። ወዲያው ከውጭ፣ ከቆጣሪው በኩል፣ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ።

በረንዳው ላይ ስትደርስ ከቆጣሪው ስር ሰማያዊ ብልጭታ ይዘላል። ጥግ የቆመውን ደረቅ የመጥረጊያ እንጨት አንስታ የቆጣሪውን ማጥፊያ ወደ ታች ገፋችው።

ግቢው ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«ኤዲያ፣ መብራት ሄደ!» አለች እናቷ ከውስጥ።

«እናንተም ጋ ሄደ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ ከማዶ ቤት።

«ሄደ እትዬ! በሉ ሲመጣ እንቀጥላለን።»

ሀስና እንጨቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መርሳ መብራት ሲሄድ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ግን ትንሽ ቆይቶ አንዳቸው ወጥተው ማጥፊያውን ያዩታል። መልሰው ያበሩታል። ኡበይደላ ደግሞ እዚያው ግድግዳ ስር ነው።

«እማ!» ብላ ጮኸች። «መብራት አልሄደም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ግድግዳው እየተቃጠለ ነው!»

ዓቢዳ የስልኳን ባትሪ አብርታ ግድግዳውን ነካችና እጇን ነጠቀች። ከስንጥቁ ቀጭን ጭስ ይወጣል። «ያ አላህ!» ብላ ልጁን ከነብርድ ልብሱ አፈፍ አድርጋ ወጣች። እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን እየጎተቱ መጥተው ጭሱን ሲያዩ አማተቡ። ሦስቱም ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ አፈር እየዘገኑ ስንጥቁ ላይ ጠቀጠቁበት።

«ነገ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ዓሪፍን እንጠራና ሽቦውን ይቀይርልናል» አሉ እትዬ ብዙነሽ ላባቸውን እየጠረጉ። «ከዚያ እንደ ልማዳችን በርካሹ ሰዓት መሥራት ነው።»

«ይቺ ልጅ ባትኖር አልቀን ነበር» አለች ዓቢዳ፣ ሀስናን ጎትታ እያቀፈቻት። «አላህ ይጠብቅልኝ። ብልህ እኮ ናት!»

ሀስና የእናቷን ልብ ምት በጉንጯ ሰማችው፤ ድው ድው ይላል። አሁንም ዝም ማለት ይቻላል። ሽቦው ይቀየራል፣ እሷም ብልህ እንደተባለች ትቀጥላለች፣ በየማታው ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይሰካል። ፍርሃቱ ከቅድሙ ባሰባት።

ከእቅፉ ቀስ ብላ ወጣች።

«እማ፣ እትዬም ይስሙኝ። ርካሽ ሰዓት የሚባል የለም። ያየሁት የሌላ አገር ነው። ሽቦውን ያጋለው ሁላችንም በአንዴ መሰካታችን ነው፤ እኔ ባልኳችሁ። ከቀን ጀምሮ አውቄ ነበር... ፈራሁ።»

ኡበይደላ በእንቅልፍ ልቡ አጉረመረመ። ዓቢዳ ልጁን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችና ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ከጎኗ ያለውን ቦታ ነካ ነካ አደረገች።

«ነይ ቁጭ በይ» አለች በዝቅታ። «ከመጀመሪያው ንገሪን።»

ሀስና ተቀመጠችና ከቪዲዮው ጀመረች።