የጠራው ብልቃጥ

ጋሼ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። ዓይኑ አውቶቡሶቹ ላይ ነበር።

«መንገዱ ተዘግቷል። ራስህ ለፍርድ ቤቱ መርማሪ አድርስ።»

«እርስዎ አልነበሩ እንዴ የሚያደርሱት?»

«ትናንት ትናንት ነው። ደግሞ ጠጉርህን ተቆረጥ፤ ሰላይ ትመስላለህ።»

ሳቀና ሄደ። የስለላ ሥራውን ያስተማረው እሱ ነው። «ጠብታ» የሚለውን የምስጢር ስም ያወጣለትም እሱ።

ጠብታ ወደ ውሃ ማጣሪያው ላቦራቶሪ ተመለሰ። እዚያ ተራ ቴክኒሺያን ነው። ከወንዙ በላይ ያለው የቀለም ፋብሪካ ባሪየም የተባለ መርዛማ ብረት በስውር ወደ ውሃው ይለቃል፤ ከተማው ያንን ይጠጣል። ናሙናውን ከፋብሪካው ቱቦ ቀድቶ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ አሽጎ፣ ለጋሼ ያስረከበው ራሱ ነበር። ፍርድ ቤት ከደረሰ ቱቦው ይዘጋል። ካልደረሰ ክሱ ይወድቃል።

ጠርሙሱ ያው ነው። ክብደቱም ያው።

የክዳኑ ሰም ግን ጥፍር ያስገባል። የከረመ ሰም ጥፍር አያስገባም።

ከፈተው። ጥቂት ወደ መሞከሪያ ቱቦ ቀዳና ሰልፌት የሟሟበት ውሃ ጨመረበት።

ነጭ ደመና።

ባሪየም ያለበት ውሃ እንዲህ ይደምናል። ጋሼ ያስተማረው እስከዚህ ነው።

ቀሪውን ያስተማረችው የላቦራቶሪው ኃላፊ ናት፤ ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ምሳዋን እየበላች የሟሚነት ስሌት ታሠራዋለች። ሲሳሳት፣ «ኧረ ወንድሜ፣ ልጄ ይሻልሃል! እሱ እንኳ ገና ማባዛት እየተማረ ነው» ትላለች። «ደመና ስላየህ አትፈንድቅ። ካልሲየምም ይደምናል። ውሃ ጨምርበትና ሚዛኑ ወዴት እንደሚሄድ እይ። የካልሲየሙ ብዙ ውሃ ካገኘ ይሟሟል። የባሪየሙ ንቅንቅ አይልም።»

ደመናውን ትልቅ ብልቃጥ ውስጥ ገለበጠው። ንጹህ ውሃ ሞላበት። ደጋግሞ ነቀነቀው።

ጠበቀ።

ጠራ።

ናሙናው ተቀይሯል። የቀየረው ጋሼ ነው። ጠብታ ብልቃጡን አስቀመጠ። ምንም አልተሰማውም።

ጋሼ አንድ ነገር አያውቅም፤ ላቦራቶሪ ሠርቶ አያውቅማ። እዚህ ቤት የገባ ናሙና ሁሉ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ በእትዬ ፊርማ ታሽጎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የፋብሪካውንም ውሃ ከፍላ አስቀምጣለች፤ ግን አስምላው ነው። «ስሜ እንዳይነሳ። የፋብሪካው ሰዎች የልጄን ትምህርት ቤት ያውቁታል።»

«አይነሳም፣ እትዬ» ብሏት ነበር።

ፊርማው ከተፋቀ ናሙናው ማስረጃ አይሆንም።

እትዬ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች። ቁልፉን ከተሰቀለው ካፖርቷ ኪስ አወጣ። ይህንንም ያስተማረው ጋሼ ነው። ቁም ሳጥኑ ሲጥ አለ።

«ምን ጠፋብህ፣ ወንድሜ?» አለች ሳትዞር።

እጁ ቆመ።

«ጓንት።»

«ከታች ነዋ! ሁሌ ላይ ላዩን ነው የምትፈልገው።»

ጠርሙሱም ከታች ነበር።

ፍርድ ቤት ውስጥ መርማሪው ከጠርሙሱ ቀድቶ ሰልፌት ጨመረበት፤ ቀጥሎ ውሃ ደጋግሞ ጨመረበት። ደመናው አልጠፋም። ከዚያ ማኅተሙን አገላበጠ።

«ይቺ የፈረመችው ማናት?»

«የላቦራቶሪው ኃላፊ።»

«ትመሰክራለች?»

«ትጠራ።»

ቱቦው ተዘጋ። ጋሼ አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ተያዘ፤ ጠጉሩን ተቆርጦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር። እትዬ መሰከረች። በማግስቱ ጠብታ በቤቷ በኩል አለፈ። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። እትዬ ልጇን ይዛ መሄዷን እንጂ ወዴት እንደሄደች ጎረቤቷ አታውቅም። አመሰገናትና ሄደ።

ሌላ ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ጠብታ ሥራ ሲጠይቅ ሌላ ስም ሰጠ።

«በፊት ምን ትሠራ ነበር?» አለው ባለቤቱ።

«ዕቃ አጥብ ነበር።»

አንድ ብርጭቆ ላይ ነጭ እድፍ አየ። ውሃ አፈሰሰበት። አሸው። እንደገና አፈሰሰበት።

«ኧረ ይበቃዋል፣ ወንድሜ! ጠርቷል እኮ።»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ሌላ አነሳ።