ወደ ካምፑ የሚያይ መስኮት

ፍሎሪያንን ያገኙት ከጎተራው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው። የድርቆሽ መንሹ ደረቱን በስቶ ሳንቃው ውስጥ ተሰክቷል። ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው ነቀሉት።

አሜሪካኖች ኮረብታው ላይ ያለውን የናዚ ካምፕ ከከፈቱ ሳምንት አልሞላም። ከዚያ የወጣ ታዴውሽ የሚባል ፖላንዳዊ እዚያው ድርቆሽ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። የመንደሩ ሰዎች ጥርሱን አራገፉት። ናዚዎች ከሥራ ያባረሩት ሽማግሌ መርማሪ ኦቶካር የደረሰው ፖላንዳዊውን ሊሰቅሉት ዛፍ ሥር አቁመው ገመድ አንገቱ ላይ ሲያጠልቁ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ለሟቹ ጸለየ።

«አያ ኦቶካር፣ ምርመራው አልቋል!» አለ የሟች እህት ባል ካየታን። «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!»

«ከየት ሆነህ?»

«ከመኝታ ቤቴ መስኮት ነዋ! ጩኸት ሰምቼ ብነሳ፣ ይሄ አጽም መንሹን ሲሰካበት!»

ኦቶካር ውሃ የሞላ ባልዲ አስመጣና ታዴውሽን «አንሳው» አለው። ታዴውሽ በሁለት እጁ ታገለ፤ ባልዲው ከመሬት አልለቀቀም።

«ወይ ተዋናይ!» አለ አንዱ።

ኦቶካር ወደ ካየታን ቤት ወጣ። የሟች እህት ኖትቡርጋ ተከተለችው። መኝታ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ነው። የመስኮቱ መዝጊያ በሚስማር ተመቷል፤ ሚስማሩ ዝጓል፤ ስንጥቁ በጨርቅ ተወትፏል።

«መቼ ነው የተመታው፣ እቴ?»

«ጭሱ የጀመረ ጊዜ» አለች አንገቷን ደፍታ። «በካምፑ በኩል ያለ መስኮት የሚከፍት ማን አለ? ልብሳችን ሳይቀር ይሸት ነበር።»

ኦቶካር ተመልሶ ሰዉን ሁሉ ከዛፉ ሥር ሰበሰበ።

«መንሹ ሰው አልፎ ሳንቃ በስቷል። ባልዲ ያቃተው ክንድ ያን አይችልም። ካየታን ከመስኮቱ አየሁ ይላል፤ መስኮቱ ከተመታ ዓመታት አልፈዋል። አለማየትን ከመልመዱ ብዛት መዘጋቱንም ረስቶታል። ምንም ያላየ ሰው በሐሰት ሌላውን የሚያሰቅለው ለምንድን ነው? ኖትቡርጋ፣ ወንድምሽ ትናንት ምን አለሽ?»

ባሏን አየችው፤ ከዚያ አስከሬኑን።

«ለአሜሪካኖች ልናገር ነው አለኝ። በክረምቱ ከካምፑ ያመለጡትን ካየታን በመንሽ እንደወጋቸው። እኔም... ለባሌ ነገርኩት።»

ካየታን ዘሎ ሊያንቃት ሲል አራት ወንዶች ይዘው ጣሉት። ከመሬት ላይ ሆኖ እየደማ ጮኸ፦

«ብቻዬን ነበርኩ እንዴ? ያኔ መንሽ ያልያዘ ማን ነው? ተናገሩ እስቲ!»

የያዙት እጆች ላሉ።

ኦቶካር ገመዱን ከታዴውሽ አንገት አወለቀና «እሺ፣ ማን ይጀምር?» አለ።

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ።

«ከኔ ጀምር፣ አያ ኦቶካር» አለች ኖትቡርጋ። «ካመለጡት አንዱ በባዶ እግሩ ደጄን አንኳኳ። በሩን ቀረቀርኩና፣ ካየታን፣ እዚህ ነው ብዬ ተጣራሁ።»