ስድስተኛው ሪል

ማኅሌት ታምራትን ያወቀችው አልኮል ሊገዛ መጥቶ ነው።

ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ቀጠን ያለ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ የሰበሰበ ወጣት ገባና ንጹሕ አልኮል ጠየቃት። ትንሿን ጠርሙስ ስታነሳለት ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ አትበቃኝም። በሊትር ካለሽ፤ ውኃ ያልገባበት።»

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ፊልም ላጸዳበት።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ፊልም ደግሞ ይታጠባል እንዴ?»

«የድሮው ይታጠባል። አርባ ምናምን ዓመት አቧራ ተቀምጦበታል። ‹የብላቴ ማዶ› የሚባል የጦርነት ፊልም ነው። ሰምተሽውም አታውቂም።»

ማኅሌት ግን ሰምታለች። አባቷ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በወጣትነታቸው የከተማው ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ሠራተኛ ነበሩ። ሆዳቸው ሲባባ የዚያን ፊልም ስም ያነሱና ወዲያው ወሬ ይለውጣሉ። እጇ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

«ስንት ሪል አገኛችሁ?» አለችው።

ቃሉን ከአፏ ሲሰማ ቀና ብሎ አያት። «ከስምንቱ ጥቅል ሰባቱን። ስድስተኛው ድሮ ተቃጥሏል።»

«አልተቃጠለም» አለች። ካለች በኋላ ምላሷን ነከሰች፤ አባቷ የደበቁትን፣ «ስድስተኛው» ተብሎ የተጻፈበትን ቆርቆሮ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ታምራት ወዲያው አልሄደም። የወላይታ፣ የሻንቶ ከተማ ልጅ መሆኑን፣ ኮምፒዩተር ተምሮ አዲስ አበባ የፊልም ቅንብር ሲሠራ መቆየቱን ነገራት። አንድ ድርጅት ያንን ፊልም አድሶ በከፍተኛ ጥራት፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን እንዲያየው ሊያደርግ አስቧል። ታሪኩ የዚሁ አገር ስለሆነ ሥራውን ለእሱ ሰጡት። እሱም ሶዶ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ጀምሯል።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አባቷ ዘንድ ወሰደችው። ሰባ ሊሞላቸው የተቃረቡት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊቱን ለማየት ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሻንቶው የደገፉ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። አባቴ የወንጌል አስተማሪ ነው።»

«መልካም። ተቀመጥ።»

ከዚያ ማኅሌት በሃያ ሰባት ዓመቷ ሰምታው የማታውቀውን ታሪክ ለማያውቁት ሰው ነገሩት።

ፊልሙ የተቀረጸው በደርግ ጊዜ ሁምቦ ሜዳ ላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የብላቴን ወንዝ ተሻግረው የተዋጉ አርበኞችን ያሳያል። ሶርሳ የሚባል፣ ተበላ ከምትባለው የሁምቦ ከተማ የመጣ ገበሬ ከብዙ ሰው ጋር ካሜራ ፊት ሊሮጥ፣ ሊወድቅ ተመልምሎ ነበር። ዳይሬክተሩ ፊቱን ወደደውና አንድ ሙሉ ክፍል ሰጠው። በዚያ ክፍል ጦርነት ያንገሸገሸው ወጣት ጠመንጃውን ወንዝ ዳር አስቀምጦ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ደጃፉ ላይ ቆሞ በወላይትኛ «እናቴ፣ መጣሁ» ይላል። በፊልሙ ውስጥ ያለው ወላይትኛ ያቺው ብቻ ናት።

«ሶዶ ሁለት ቀን እንደታየ አንድ ሹም መጣ» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «‹ይህ ወኔ ይሰልባል፤ ስድስተኛውን ሪል አቃጥል› አለኝ። በየከተማው እንደዚያ ነው የተደረገው። እኔም እፊቱ አቃጠልኩለት። ያቃጠልኩት ግን የተበላሸ የዜና ፊልም ነበር። በኋላ አንዱ ጠቆመብኝና ስምንት ወር አሰሩኝ። ሪሉን አላገኙትም።»

«ለምን ያን ያህል ዋጋ ከፈሉለት፣ ጋሼ?»

«ሶርሳ ጓደኛዬ ነበር። በዓመቱ እውነተኛው ጦርነት ወሰደው፤ አልተመለሰም። ፎቶግራፍ እንኳ የለውም። መልኩ ያለው እዚያ ሪል ላይ ብቻ ነው።»

ከአልጋቸው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ክብ ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኑ ሲከፈት ቤቱን የኮምጣጤ ሽታ ሞላው። ታምራት አጎንብሶ አሸተተና «ፊልም ሲበሰብስ እንዲህ ይሸታል፤ መሞት ጀምሯል። ግን ደርሰንለታል» አለ።

«እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው» አሉት አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «ሶርሳ ከፊልሙ እንዳይወጣ። እህቱ አስካለች ተበላ ውስጥ በሕይወት አለች። አንድ ቀን አሳይሻለሁ ብያታለሁ።»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ጋሼ።»

ማኅሌት ያን ጊዜ ነው ፊቱን በደንብ ያየችው። ሰው ሲምል ዓይኑን ይሰብራል፤ እሱ ግን ቀጥ አድርጎ አባቷን ያይ ነበር።

ሪሉ አዲስ አበባ ተልኮ በስካነር ተነሣና ወደ ታምራት ኮምፒዩተር ገባ። ማኅሌት ከሥራ ስትወጣ ወደ እሱ ክፍል ጎራ ማለት ጀመረች፤ መጀመሪያ ለአባቷ ወሬ ልታደርስ፣ በኋላ ግን ለራሷ። ምስሉ ሁሉ ቀይ ሆኗል፤ ሰማዩም ሳሩም የሸክላ መልክ አለው። ከላይ እስከ ታች ጭረት ይወርድበታል፤ ታምራት «ዝናቡ» ይለዋል። ለአንዲት ሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም፣ ማለትም ሃያ አራት ነጠላ ምስል፣ አለ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠረጋል። እሱ ያሳያት ነበር፤ በሳምንት ውስጥ ለመደችው።

«ሶርሳ ግንባሩ ላይ አንድ አለች» ትለዋለች።

«እሷ አቧራ አይደለችም። ላብ ናት። ተያት።»

«እንዴት ለየሃት?»

«አቧራ በሚቀጥለው ፍሬም የለም። ላብ ግን ትወርዳለች።»

እንዲህ እየተባባሉ ወራት አለፉ። አንድ ቀን የዳሞታን ተራራ ጉም ሸፍኖት፣ መብራትም ጠፍቶ፣ እስኪመለስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታምራት «ባይመጣስ?» አለ።

«መብራቱ?»

«አዎ። ባይመጣ ደስ ይለኛል።»

ማኅሌት እጇን እጁ ካለበት አላነሳችም።

ጭንቀታቸው ሃይማኖት ነበር። አባቷ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ፣ አባቱ የወንጌል አስተማሪ። ግንቦት ላይ ደፍራ ለአባቷ ስትነግራቸው «ሪሉን አምኜ የሰጠሁትን ሰው፣ ልጄን ብሰጠው ምን አለበት? ከጊፋታ በዓል በኋላ ሽማግሌ ይላክ» አሉ። ታምራት ያን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሰኔ ላይ ድርጅቱ ጠርቶት አዲስ አበባ ሦስት ቀን ቆየ። ሲመለስ ቃል ከአፉ አይወጣም።

«አመመህ?»

«መንገዱ ነው።»

አመነችው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስድስተኛውን ሪል ጨረሱት። በተለይ የመጨረሻዋን ክፍል፣ ሶርሳ ደጃፉ ላይ የሚቆምባትን፣ ማኅሌት ለብቻዋ ጠረገቻት። ከዓይኑ ሥር የነበረ ጭረት ስድስት ቀን ፈጀባት። ስትጨርስ ታምራት ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ዞር ብላ ስታየው ዓይኑ እንባ ሞልቷል። በደስታ ነው አለች በልቧ።

ፊልሙ ለቴሌቪዥን ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ ሶዶ እንዲታይ ተወሰነ፤ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሳምንት፣ በከተማው አዳራሽ። አስካለች ከተበላ በሚኒባስ መጣች። ስልሳውን ያለፈች፣ እጆቿ በሥራ የደረቁ ሴት ናት፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። ማኅሌትን ስታይ «ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ፣ ልጄ» አለቻት፤ ወንድና ሴት አትለይም። በአባትና በልጅ መሃል ተቀመጠች።

መብራቱ ጠፋ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ሁምቦ ሜዳ ሲዘረጋ አዳራሹ በአድናቆት ተንሾካሾከ። ማኅሌት ኩራቷን መደበቅ አልቻለችም። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። በአምስተኛው መጨረሻ አርበኞቹ በሌሊት ብላቴን ይሻገራሉ። ከዚያ ሶርሳ ነው። የአስካለችን እጅ ያዘች።

«አሁን ነው» አለቻት።

ውኃው ጠፋ። የመጣው ግን የወንዙ ዳር አይደለም። መድፍ ነው፣ ጭስ ነው፣ ፈረስ ነው። ሰባተኛው ሪል።

ማኅሌት የተሳሳተች መሰላት። ቀጥሎ ይመጣል አለች። አልመጣም።

«ወንድሜ ገና ነው?» አለች አስካለች፣ በቀስታ።

ማኅሌት እስከ መጨረሻው እጇን አልለቀቀችም። ባንዲራው ተሰቀለ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ በነጭ ፊደል፣ መጀመሪያ ላይ እንደወጣው ሁሉ፣ «እድሳት፦ ታምራት ደገፉ» የሚል ወጣ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በጭብጨባው መሃል ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ።

«አለፈ እንዴ? ዓይኔ ነው፣ ልጄ? እኔ ነኝ ያላየሁት?»

«ዓይንዎ አይደለም፣ አባባ» አለች።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ገባቸው። ወደ አስካለች ዞረው «ሪሉ አስቸግሮ ነው። እኔ ራሴ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ» አሏት። ከአርባ ዓመት በላይ የጠበቀች ሴት «እሺ፣ ወንድሜ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ያ እሺታ ማኅሌትን ከሁሉ በላይ አቃጠላት።

ታምራትን ከአዳራሹ ጀርባ፣ መኪኖች በቆሙበት አገኘችው። ይጠብቃት ነበር።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«መጀመሪያ ላስረዳሽ፣ ማኅሌት…»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ። አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ።»

ነገሩን ሁሉ አወጣው። ጠመንጃ ጥሎ የሚሸሽ ወታደር በዚህ ጊዜ ሰው ቤት አናስገባም ብለውታል። ያለ ስድስተኛው ይወጣል፣ ካልሆነ ሥራው በሙሉ ይቆማል። ሰባቱም ከሚጠፉ ብሎ ፈረመ። የቴክኒክ ኃላፊ ሊያደርጉትም ቃል ገብተውለታል፤ እሷን ይዞ አዲስ አበባ ሊገባ፣ ጎጆ ሊወጣ አስቦ ነበር።

ማኅሌት እስኪጨርስ ሰማችው።

«ክረምቱን ሙሉ የሶርሳን ፊት ስጠርግ፣ እንደሚጣል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አላስቆምከኝም?»

«ደስ ይልሽ ነበር» አለ። «ሥራው ካለቀ ወደ እኔ የምትመጪበት ምክንያት የሚያልቅ መሰለኝ።»

«ያን ቀን አልቅሰህ ነበር። ከኋላዬ ቆመህ።»

«አዎ።»

«እኔ ደስታ መስሎኝ አብሬህ አለቀስኩ» አለችና ትታው ሄደች።

በማግስቱ ስድስተኛውን ሪል የያዘ ዲስክ ይዞ ቤታቸው መጣ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በር ላይ ተቀበሉት። ግባ አላሉትም፤ ሂድም አላሉትም።

«ቅዳሜ ተበላ እንሄዳለን። መሣሪያውን የሚያገናኝልን ሰው የለንም። ትመጣለህ» አሉት።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሚኒባሱ ሰውና ዕቃ ጢም ብሎበታል። ታምራት ከኋላ ተቀመጠ፣ ማኅሌት ከአባቷ ጋር ከፊት።

የአስካለች ጎረቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ነበረው። ታምራት ዲስኩን አገናኘና ወደ ጥግ ሸሸ። ሶርሳ ከወንዙ ወጣ፤ ጠመንጃውን ሣር ላይ አስተኛ፤ መንገዱን ያዘ። አስካለች አፏን በነጠላዋ ይዛ ታያለች። አርባ አምስት ዓመት አልፎት የሃያ ዓመቱ ወንድሟ፣ የላቡ ጠብታ ሳይቀር፣ ከፊቷ ቆመ። ደጃፉ ላይ ሆኖ በገዛ ቋንቋቸው «እናቴ፣ መጣሁ» አለ።

«ግባ» አለችው አስካለች በወላይትኛ። «ግባ፣ እናታችን አሁን ትመጣለች።»

ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ታምራት ዞረች።

«አንተ ነህ ያጸዳህ?»

«እኔና እሷ ነን፣ እማማ።»

አስካለች የሁለቱንም እጅ ይዛ አቀራረበች። «ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ ይሙቅ» ብላ መረቀቻቸው። ያረማት ሰው አልነበረም። ማኅሌት አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች፤ ምርቃት አይመለስም።

መናኸሪያው ላይ፣ አባቷ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ሲይዙ ታምራት ቀረባት።

«ሥራውን ትቻለሁ። ስሜንም እንዲያወጡ ጽፌያለሁ። ሽማግሌዎቹ ይምጡ?»

ማኅሌት ፊቱን አየች። ያንን ፊት ትወደዋለች፤ ያ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነው።

«አይምጡ» አለች።

«አባትሽ ይቅር ብለውኛል።»

«አባቴን የበደልከው አንድ ማታ ነው፣ በአዳራሽ። እኔን ግን በየቀኑ ነው፤ ቁጭ ብለህ፣ ሻይ እየቀዳህልኝ፣ ‹ደከመሽ ወይ› እያልክ። አሁን ‹ደከመሽ ወይ› ብትለኝ ከጀርባው ምን አለ ብዬ ነው የምፈልገው። እንዲህ ሆኖ ትዳር አይሆንም፣ ታምራት።»

ሚኒባሱ ሲነሣ ታምራት እዚያው ቆሞ ነበር፤ በሌላ መኪና ይመጣል።

ጥቅምት ላይ ፊልሙ በየቤቱ ታየ። ጎረቤት ሁሉ ምን ያህል እንደጠራ ያወራል። ማኅሌት ከሥራ ስትገባ አባቷ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው እያዩ ነው። የመጀመሪያው ስም ዝርዝር እያለፈ ነበር።

«አንብቢልኝ። ስሙ አለ?» አሏት።

«የለም።»

«አስወጥቷል ማለት ነው። ሻንቶ ገብቷል አሉ፤ ልጆች ያስተምራል።» ዓይናቸውን ከምስሉ ሳያነሡ፣ «ልጁ ይወድሽ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ። እሱን አልዋሸኝም።»

አጠገባቸው ተቀመጠች። አርበኞቹ ወደ ብላቴ እስኪደርሱ አብራቸው አየች። ከዚያ ሰባተኛው ሪል ሳይጀምር ተነሥታ ድምፁን ቀነሰችና እራት ልታሞቅ ገባች።