ያልለሰለሰው አጥንት

ጄነራል የዶሮውን አጥንት ከኮምጣጤው ብልቃጥ አውጥታ እንደ ጎማ አጠፈችው። ከዚያ የፓፓያ ጭማቂ ካለበት ብልቃጥ ሌላውን አጥንት አውጥታ ወረወረች፤ በቦታው ይሄኛውን ጨመረችና «በቃ፣ ኢንዛይሙ ነው ያለሰለሰው እንላለን» አለች።

ጄነራል የተባለችው ትእዛዝ ስለምታበዛ ነው። ጓደኛዋን ደግሞ ከቁመቷ ማጠር የተነሳ ክፍሉ በሙሉ ሚጢ ይላታል። ለሳይንስ ቀን የመረጡት ጥያቄ የሚጢ ነበር። በሰውነታችን ውስጥ ያረጀ አጥንት የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፤ ለዚህም ኢንዛይም ያመነጫሉ። ታዲያ ኢንዛይም ብቻውን አጥንት ያፈርሳል? ፓፓያ ውስጥ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ስላለ አንዱን አጥንት በጭማቂው፣ ሌላውን ለማነጻጸር በኮምጣጤ ዘፈዘፉ። የፓፓያው አጥንት ሳምንቱን ሙሉ ምንም አልሆነም። ጄነራል አውጥታ የወረወረችውም እሱን ነው።

ሚጢ ነገሩ ደስ እንዳላላት ብትናገርም፣ ጄነራል ያልሠራ ሙከራ ይዘን ብንቀርብ ሙድ ይያዝብናል ብላ አፏን አስያዘቻት።

በማግስቱ ጠዋት ብልቃጡን ሲከፍቱ ያ እንደ ጎማ የሚተጣጠፈው አጥንት ተልፈስፍሷል። ሚጢ በማንኪያ ስትነካው ተበጣጠሰ።

«አየሽ? ከጠበቅነው በላይ ሆነልን» አለች ጄነራል።

ሚጢ ግን አእምሮዋ ሌላ ቦታ ነበር። አጥንት የሚጠነክረው በካልሲየም ነው፤ ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ፕሮቲን ከሥሩ ተደብቋል። ኮምጣጤው ካልሲየሙን ሲያነሳለት መንገዱ ተከፈተ። ሴሎቹም እንደዚሁ መጀመሪያ አሲድ ያፈሳሉ፣ ኢንዛይሙ ቀጥሎ ይገባል። ጄነራል ለማጭበርበር ያደረገችው ነገር ሳታስበው መልሱን ሰጥቷቸዋል።

ይህንን ለጓደኛዋ ስታስረዳት ጄነራል፣ እንደዚያ ከሆነ አጥንቱን መቀየሯም ሊነገር ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሚጢም አዎ አለቻት። ያንን ካልተናገሩ ማንም ሙከራውን ሊደግመው አይችልም።

በሳይንስ ቀኑ ተራቸው ሲደርስ የባዮሎጂ መምህሩ ጎንበስ ብለው ብልቃጡን አዩ። «ይሄን ሁሉ የሠራው ኢንዛይሙ ብቻ ነው?»

ጄነራል ወለሉን አየች። ሚጢ ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻት።

«አይደለም ቲቸር» አለች ሚጢ። «መጀመሪያ ተሳስተን ነበር። ከዚያ ልጀምርልዎት።»